የማከፋፈያ ጣቢያና የአየር ላይ መስመር ግንባታ፦ ከቅየሳ እስከ ኃይል መልቀቅ ደረጃ በደረጃ

«የማከፋፈያ ጣቢያና የመስመር ግንባታ እንዳስተባብር ተመድቤያለሁ፤ ከየት ልጀምር?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የየራሳቸውን ሙያ ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። የሲቪል መሐንዲሱ ኮንክሪቱን ያውቃል፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲሷ ሪሌዩን (ብልሽት ሲፈጠር ኃይሉ እንዲቋረጥ የሚያዝዘውን መሣሪያ) ታውቃለች፤ የሚቸግራቸው የአንዱ ሥራ የሌላውን መቼ እንደሚዘጋ ማወቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ስለ ቅደም ተከተልና ስለ ምክንያቱ ነው።

በምሳሌነት የምጠቀመው 132 ኪሎ ቮልት ተቀብሎ ወደ 33 ኪሎ ቮልት የሚያወርድ አንድ ጣቢያን እና በብረት ማማ ተሸክሞ ወደ እሱ የሚመጣን መስመር ነው። ቮልቴጁ ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ብዙ አይለወጥም። የደኅንነት ርቀቶችን፣ የሽቦ ከፍታንና የወሰን (ለመስመሩ የሚለቀቀውን መሬት) ስፋት ግን ሁልጊዜ ከአገርዎ ደንብና ከጸደቀው ዲዛይን ይውሰዱ።

በእጅዎ ሊኖሩ የሚገቡ ነገሮች

ሰነዶች፦
- የጸደቀ ነጠላ መስመር ንድፍ (ዕቃዎቹንና ግንኙነታቸውን በአንድ መስመር የሚያሳይ ሥዕል)፣ የጣቢያው አቀማመጥ ፕላን፣ የመስመሩ ፕላንና የጎን ገጽታ ንድፍ
- የማማዎች ዝርዝር (ቁጥር፣ ዓይነት፣ ከፍታ፣ የመሠረት ዓይነት፣ እስከ ቀጣዩ ማማ ያለው ርቀት)
- የርግበት (ሽቦው በማማዎች መካከል ወደ ታች የሚወርድበት መጠን) እና የውጥረት ሰንጠረዥ፣ በየሙቀት መጠኑ
- የወሰን፣ የካሳና የማቋረጫ ፈቃዶች መዝገብ
- የኃይል ማቋረጫ ጥያቄዎች መርሐ ግብር

ለመስክ ሥራ፦
- የቅየሳ መሣሪያ፣ የመሬት ሬዚስታንስ መለኪያ፣ የኮንክሪት መፈተሻ ሻጋታ
- የማማ እግር ማስተካከያ ቅርጽ፣ የማጥበቂያ ኃይሉ የሚስተካከል የብሎን ቁልፍ
- የሽቦ መሳቢያና ውጥረት መያዣ ማሽኖች፣ ፑሊዎች፣ እየዞረ መጠማዘዝን የሚከላከል ማያያዣ፣ የመጭመቂያ ማሽን ከትክክለኛ ሻጋታው ጋር
- የትራንስፎርመር ዘይት ማጣሪያና የአየር መምጠጫ ማሽን
- የኢንሱሌሽን፣ የንፋሬ (የኤሌክትሪክ ከረንት)፣ የብሬከር (ኃይልን የሚያቋርጠው መሣሪያ) ፍጥነትና የሪሌይ መፈተሻ መሣሪያዎች፣ የመለኪያ ማረጋገጫ ሰርተፊኬታቸው ጊዜው ያላለፈ

ለደኅንነት፦
- በቁጥር የተመዘገቡ ጊዜያዊ የመሬት ማገናኛዎች፣ የቮልቴጅ መኖርን የሚያሳይ መሣሪያ፣ የከፍታ ቀበቶ ከሁለት ማያያዣ ጋር፣ መቆለፊያና የማስጠንቀቂያ ታርጋ፣ የመገናኛ ሬዲዮ

ደረጃ 1፦ የሥራውን ድንበር በአንድ ሥዕል ላይ ይወስኑ

ነጠላ መስመር ንድፉን በትልቅ ወረቀት ያሳትሙና በቀለም ይከፋፍሉት፦ ይህን የመስመር ተቋራጩ ያቀርባል፣ ይህን የጣቢያ ተቋራጩ፣ ይህን ባለቤቱ። ችግር የሚፈጠረው ሁለት ቀለሞች በሚገናኙበት ቦታ ነው። የታወቀው ምሳሌ ከመጨረሻው ማማ ወደ ጣቢያው የብረት መግቢያ (ሽቦው ጣቢያው ውስጥ የሚታሰርበት የብረት ክፈፍ) የሚወርደው አጭር ሽቦ ነው። የመስመሩ ውል «እስከ መጨረሻው ማማ» ይላል፣ የጣቢያው ውል «ከብረት መግቢያው ጀምሮ» ይላል፤ በመካከሉ ያለው ሽቦ፣ ስኒ (ሽቦውን ከብረቱ የሚለየው) እና ማያያዣ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ኃይል ሊለቀቅ ሳምንት ሲቀረው ይህን ዕቃ መፈለግ እጅግ አድካሚ ነው።

ሁለተኛው ድንበር ከመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ ያለው ነባር ጣቢያ ነው። የመስመር ዲፈረንሻል ጥበቃ (በሁለቱ ጫፍ ያለውን ንፋሬ የሚያነጻጽር) የሚጠቀሙ ከሆነ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሪሌዮች መነጋገር መቻል አለባቸው። ስለዚህ የወዲያኛው ጫፍ ሥራ ማን እንደሚሠራው፣ በምን ሪሌይና በየትኛው የኃይል ማቋረጫ ቀን እንደሚሠራው በዚሁ ሥዕል ላይ ይጻፍ።

ደረጃ 2፦ መርሐ ግብሩን ከኃይል መልቀቂያው ቀን ወደ ኋላ ይሥሩ

ከቁፋሮ ጀምሮ ወደ ፊት የሚሠራ መርሐ ግብር ሁልጊዜ ደስ የሚል ይመስላል፤ የሚያስቸግረውን ነገር መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጠው ነው። እርስዎ ከመጨረሻው ይነሡ። ኃይል የሚለቀቅበት ቀን ይታወቅ፤ ከዚያ በፊት ሙሉ ፍተሻ አለ፤ ከፍተሻው በፊት የመቆጣጠሪያ ገመዶች ግንኙነት፣ ከዚያ በፊት የዕቃ ተከላ፣ ከዚያ በፊት የመሠረት ኮንክሪት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ የዕቃው የአምራች ንድፍ አለ።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ቀለበት ነው። የሰርኪዩት ብሬከሩን መሠረት ለመሥራት የማሰሪያ ብሎኖቹ የት እንደሚወጡ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚነግርዎ አምራቹ ብቻ ነው፤ አምራቹ ደግሞ ንድፍ የሚልከው ትዕዛዝ ሲደርሰው ነው። ስለዚህ የዕቃ ግዢ የሲቪል ሥራ ቅድመ ሁኔታ ነው። በግምት የተሠራ መሠረት ብዙ ጊዜ በመፍረስ ያልቃል።

ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ኃይል ትራንስፎርመሩ ነው። ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ ከአንድ ዓመት በላይ መውሰዱ የተለመደ ስለሆነ የቴክኒክ ዝርዝሩን ከሁሉ አስቀድመው ይጨርሱ። ከእሱ ቀጥሎ የሚያሰጉት የኃይል ማቋረጫ ቀናት ናቸው። አዲሱ መስመር ነባር መስመርን የሚያቋርጥበት ወይም ከነባር ጣቢያ ጋር የሚገናኝበት ሥራ የሌሎችን ኃይል ማቋረጥ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ፍጆታ ዝቅ በሚልበት ወቅት ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ቀን ካመለጠዎ ቀጣዩ ወራት ሊርቅ ይችላል። በመርሐ ግብሩ ላይ እነዚህን ቀናት በቀይ ይጻፉና ሌላውን ሥራ በእነሱ ዙሪያ ያስተካክሉ።

ዝናባማ ወቅት ካለ የማማ መሠረት ቁፋሮና የመዳረሻ መንገድ ከዝናቡ በፊት እንዲያልቁ፣ የማማ ማቆምና የጣቢያ ውስጥ ሥራ ወደ ዝናቡ ጊዜ እንዲገፉ ያድርጉ። ውኃ የሞላው ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል፣ የታችኛው አፈርም የመሸከም አቅሙ ይቀንሳል።

ደረጃ 3፦ መንገዱን ይቀይሱ፣ ወሰኑን ያስከብሩ

ቀጥተኛ መስመር ርካሽ ነው፤ በየመታጠፊያው የሚቆም ማማ የሽቦውን ጉተታ በጎን ስለሚሸከም ብረቱም መሠረቱም ይከብዳል። ቢሆንም ቤቶችን፣ የመቃብር ቦታዎችን፣ ረግረግንና የመሬት መንሸራተት ያለበትን ተዳፋት ለማለፍ አንድ መታጠፊያ መጨመር ከክርክር ይሻላል። መንገድ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ወንዝ፣ የቴሌ መስመርና ሌላ የኃይል መስመር በሚቋረጡበት ሁሉ የባለቤቱን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ ከሆነም የከፍታ ገደቡን ያረጋግጡ።

ወሰን ማስከበርን በማማ ቁጥር ብቻ አይከታተሉ። ሽቦ የሚሳበው ከአንድ ወጣሪ ማማ (የሽቦውን ጉተታ የሚሸከም ጠንካራ ማማ) እስከ ሌላው ወጣሪ ማማ ባለው ክፍል ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉት 12 ማማዎች የ11ዱ ወሰን ተለቆ የአንዱ ቢቀር ያ ክፍል በሙሉ ቆሟል። ስለዚህ ዘገባዎ «ይህን ያህል በመቶ ወሰን ተለቋል» ከሚል «እነዚህ ክፍሎች ሙሉ በሙሉ ለሽቦ ዝርጋታ ዝግጁ ናቸው» ቢል ይጠቅማል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ካሳው ሳይከፈል ማሽን ወደ ሰው ማሳ አይግባ። ሰብሉ ወይም ዛፉ ከተነሣ በኋላ ምን ያህል እንደነበረ ማንም በትክክል ሊቆጥረው አይችልም፤ ባለመሬቱ ይጎዳል፣ ሥራውም ይቆማል። ከመግባትዎ በፊት ባለመሬቱ ባለበት ይቁጠሩ፣ ፎቶግራፍ ያንሡ፣ ያስፈርሙ።

ደረጃ 4፦ አፈሩን በሁለት መንገድ ይመርምሩ

አንደኛው ምርመራ የመሸከም አቅምን ለማወቅ ነው፤ በጣቢያው በከባድ መሠረቶች ሥር፣ በመስመሩ ቢያንስ በወጣሪ ማማዎችና አፈሩ በሚለወጥበት ቦታ ይደረጋል።

ሁለተኛው የአፈሩን የኤሌክትሪክ ሬዚስቲቪቲ (ንፋሬን የመከላከል ጠባይ) መለካት ነው። አራት ዘንጎች በቀጥታ መስመር እኩል ተራርቀው ይተከላሉ፤ በውጪዎቹ ሁለት ዘንጎች ንፋሬ ይላካል፣ በውስጠኞቹ ሁለት ቮልቴጁ ይለካል። ውጤቱ 2 ሲባዛ በፓይ (3.14)፣ ሲባዛ በዘንጎቹ ርቀት፣ ሲባዛ በተነበበው ሬዚስታንስ ነው። ዘንጎቹ 4 ሜትር ተራርቀው 5 ኦም ቢነበብ፣ ሬዚስቲቪቲው 126 ኦም ሜትር ገደማ ይሆናል። ርቀቱን እየጨመሩ ደጋግመው ይለኩ፤ ርቀቱ ሲሰፋ ንባቡ የጥልቁን አፈር ጠባይ ያሳያል። በዝናብ ማግስት ብቻ የተወሰደ ንባብ አታላይ ነው፤ እርጥብ አፈር ንፋሬን በቀላሉ ያሳልፋል፣ የጣቢያው ሠራተኛ ግን በደረቁም ወቅት መጠበቅ አለበት።

ደረጃ 5፦ ዕቃውን በፋብሪካ ይፈትኑ፣ መንገዱንም ይመርምሩ

ትራንስፎርመር፣ ብሬከርና የጥበቃ ሰሌዳዎች ከፋብሪካ ከመውጣታቸው በፊት ፍተሻው ላይ የራስዎ ባለሙያ ይገኝ፤ እዚያ የተገኘ ጉድለት በቀናት ይታረማል፣ ጣቢያው ላይ የተገኘው ግን ወራት ይበላል። ትራንስፎርመሩ የሚያልፍባቸውን ድልድዮች፣ ጠባብ መታጠፊያዎችና ዝቅ ያሉ ሽቦዎች ዕቃው ከመጫኑ በፊት በመኪና ሄደው ይለኩ።

የሽቦ ጥቅሎች በጎናቸው ተጋድመው አይቀመጡ፤ በክባቸው ቆመው፣ እንዳይንከባለሉ ተወትፈው፣ ውኃ በማያቁርበት መሬት ላይ ይሁኑ። የተጋደመ ጥቅል ውስጡ ይላላና ሲሳብ አንዱ ዙር በሌላው ሥር ይገባል።

ደረጃ 6፦ በጣቢያው ከመሬት በታች ያለውን አስቀድመው ይጨርሱ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መሬቱን ማስተካከልና መጠቅጠቅ፣ የውኃ ማስወገጃ፣ ጥልቅ መሠረቶች፣ የመሬት ማገናኛ መረብ፣ የገመድ ቦዮች፣ የትራንስፎርመሩ ዘይት መያዣ ጉድጓድ፣ በመጨረሻ ጠጠር።

የመዳብ መረቡ የሚቀበረው አጭር ዙር ሲፈጠር በመሬቱ ላይ የሚነሣውን የቮልቴጅ ልዩነት ለመቀነስ ነው። አንድ ሰው በሁለት እግሮቹ መካከል ወይም በእጁና በእግሩ መካከል ያ ልዩነት ካለፈበት ሊሞት ይችላል። የመረቡ መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ሳይፈተሹና ፎቶግራፍ ሳይነሡ አፈር አይለብሱ። ከላይ የሚነጠፈው የተፈጨ ድንጋይም (አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት) ለጌጥ ወይም ጭቃን ለመከላከል ብቻ አይደለም፤ በእግርና በአፈር መካከል ከፍተኛ ሬዚስታንስ ይፈጥራል። አፈር የተቀላቀለበት ወይም ሣር የበቀለበት ጠጠር ይህን ጥቅሙን ያጣል። የብረት አጥሩ ከመረቡ ጋር ይያያዝ ወይስ ለብቻው ይሁን የሚለው በዲዛይኑ በግልጽ መጻፉን ያረጋግጡ፤ አላፊ አግዳሚው የሚነካው አጥሩን ነውና።

የዘይት መያዣው ጉድጓድ የትራንስፎርመሩን ዘይት በሙሉ ከዝናብ ውኃ ጋር መያዝ አለበት። በዘይትና በውኃ መለያው በኩል ካልሆነ በስተቀር ከውኃ ማስወገጃው ጋር በቀጥታ አይገናኝ።

ደረጃ 7፦ የማማ መሠረት

ማማ እንደ ሌላ ግንባታ ወደ ታች ብቻ የሚጫን አይደለም። ነፋስ ሲገፋው ወይም ሽቦ ሲጎትተው አንዱ ጎን ወደ ታች ሲጫን ሌላው ጎን ወደ ላይ ይነቀላል። ነቀላውን የሚይዘው የኮንክሪቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን በላዩ የተሞላው አፈር ጭምር ነው። ስለዚህ የመልሶ ሙሌት ሥራ ከኮንክሪቱ እኩል ክትትል ይገባዋል፤ በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ንብር እየተሞላ፣ እየረጠበ ይጠቅጠቅ። በአንድ ጊዜ በማሽን ተገፍቶ የተሞላ ጉድጓድ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ነቀላ ሲመጣ ግን አይይዝም።

አሠራሩ፦

ሀ. የማማውን መሃልና የመስመሩን አቅጣጫ ከሁለት ነጥብ ያረጋግጡ።

ለ. ጉድጓዱ ሲያልቅ የታችኛውን አፈር ባለሙያ ይየው። ከተገመተው አፈር የተለየ ከሆነ የመሠረቱ ዓይነት ይለወጣል፤ ይህ ውሳኔ የአስተባባሪው ሳይሆን የዲዛይነሩ ነው።

ሐ. አራቱን እግሮች በማስተካከያ ቅርጹ ላይ ያስሩና አራት ነገሮችን ይለኩ፦ የጎን ርቀት፣ የሁለቱ ሰያፍ እኩልነት፣ የአራቱ ደረጃ እኩልነት፣ የእግሩ ዝንባሌ።

መ. ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፣ እየተሞላ ሳለና ከተሞላ በኋላ እንደገና ይለኩ። ነዛሪው ማሽን ቅርጹን ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ሠ. ከየሙሌቱ የ150 ሚሊ ሜትር ኪዩብ ናሙና ይውሰዱ፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ይፈተናል።

ረ. ቢያንስ ለ7 ቀን ኮንክሪቱን እርጥብ አድርገው ይጠብቁ። የላይኛው ጫፍ ከመሬት ከፍ ብሎ ውኃ ወደ ውጪ እንዲወርድ ዘንበል ይበል፤ ውኃ የሚያቁርበት እግር እዚያው ቦታ ላይ ይዝጋል።

የእግር መለኪያ ላይ ይህን ያህል የምጨነቀው ምክንያት አለኝ። ከታች የተዛባ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከላይ ብረቱ እንዳይገጥም ያደርገዋል። ያኔ ሠራተኛው ቀዳዳውን በእሳት ያሰፋል ወይም ብረቱን በኃይል ያጎብጣል፤ ዚንኩ ይላጣል፣ ብረቱም ባልተሰላለት ውጥረት ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል።

የየማማውን የመሬት ማገናኛ ሬዚስታንስ የሚለኩት ደግሞ የመብረቅ መከላከያው ሽቦ ከላይ ከመገናኘቱ በፊት ነው። ከተገናኘ በኋላ ማማዎቹ ሁሉ በትይዩ ስለሚያያዙ መሣሪያው የሚያነበው የአንዱን ሳይሆን የሁሉንም ይሆናል፤ መጥፎው ማማ በጥሩዎቹ መካከል ይደበቃል።

ደረጃ 8፦ ማማውን ያቁሙ

ኮንክሪቱ ዲዛይኑ የጠየቀውን ጥንካሬ ማግኘቱ በፍተሻ ውጤት ሳይረጋገጥ ብረት አይቁም። ብረቶቹ መሬት ላይ በቁጥራቸው ይደርደሩ፤ የጎደለ ካለ ወደ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ይታወቃል። ብሎኖች በመጀመሪያ ይያዙ እንጂ አይጥበቁ፤ ማማው ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ በተወሰነው ኃይል ይጥበቁ። ሽቦ ከመሳቡ በፊት ጥብቀቱ ይፈተሽ፣ ቀጥ ብሎ መቆሙም በቅየሳ መሣሪያ ይረጋገጥ። የመውጣት መከልከያውና የአደጋ ምልክቱ ማማው በቆመበት ቀን ይገጠሙ፤ ልጆች ኃይል እስኪለቀቅ ድረስ አይጠብቁም።

ደረጃ 9፦ ሽቦውን ይዘርጉ

ከሥራው ሁሉ ብዙ ሰው፣ ብዙ ማሽንና ብዙ አደጋ በአንድ ቀን የሚገናኙበት ይህ ደረጃ ነው። ሽቦው መሬት ሳይነካ በውጥረት ይሳባል፦ በመጀመሪያ ቀጭን ገመድ በፑሊዎች ላይ ያልፋል፣ በእሱ የብረት ገመድ ይሳባል፣ በብረት ገመዱ ሽቦው ይሳባል። በአንደኛው ጫፍ መሳቢያ፣ በሌላኛው ውጥረት የሚይዝ ማሽን ይቆማል። መሬት ለመሬት የተጎተተ አሉሚኒየም ይፋቃል፤ የተፋቀው ቦታ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይጮኻል፣ ኃይልም ያባክናል።

ከመሳብዎ በፊት፦ በመንገዶችና በሌሎች መስመሮች ላይ የመከላከያ እንጨት ወይም መረብ ይቁም። በአንድ ጎን ብቻ የሚሳበው ወጣሪ ማማ በተቃራኒው ጎን በጊዜያዊ ገመድ ይወጠር። መገናኛ ሬዲዮ ያለው ሰው በየማቋረጫው ይመደብ፤ «ቁም» የማለት ሥልጣን የሁሉም ነው፣ «ሳብ» የማለት ግን የአንድ ሰው ብቻ።

ቀጥሎ ርግበቱ ይስተካከላል። የርግበት ግምታዊ ስሌት የሽቦው የአንድ ሜትር ክብደት በኒውተን፣ ሲባዛ በማማዎቹ ርቀት ስኩዌር፣ ሲካፈል በ8 እጥፍ ውጥረት ነው። በሜትር 1 ኪሎ ግራም (9.81 ኒውተን) የሚመዝን ሽቦ በ300 ሜትር ርቀት በ20 ኪሎ ኒውተን ቢወጠር ወደ 5.5 ሜትር ይረግባል። ውጥረቱ በ10 በመቶ ብቻ ቢቀንስ ርግበቱ በ60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ያ 60 ሴንቲ ሜትር ከሽቦው በታች ከሚያልፈው ተሽከርካሪ የደኅንነት ርቀት ላይ የተወሰደ ነው።

ሽቦ በሙቀት ይለጠጣል፤ ስለዚህ ሰንጠረዡን የሚያነቡት በአየሩ ሙቀት ሳይሆን በሽቦው ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር የገባበት የዚያው ሽቦ ቁራጭ በሽቦው ከፍታ ፀሐይ ላይ አንጠልጥለው ይጠብቁና ያንብቡ። ነፋስ በበረታበት ሰዓት አያስተካክሉ።

ርግበቱ ከተስተካከለ በኋላ ሽቦው በፑሊ ላይ ከ72 ሰዓት በላይ አይቆይ። ለስላሳ ነፋስ ሳያቋርጥ ያንቀጠቅጠዋል፤ በፑሊው ላይ ያለው ክር ይደክማል። ወደ ቋሚ ማያያዣው ይዛወር፣ የንቅጥቃጤ ማርገቢያዎቹም ወዲያው ይገጠሙ።

ስለ መጋጠሚያ፦ በመንገድ፣ በሐዲድና በሌላ መስመር ማቋረጫ ላይ ሽቦ አይቀጠል። በሌላው ቦታ ሲቀጠል ክሮቹ በብሩሽ ይጸዱ፣ ቅባቱ ይቀባ፣ ከተጨመቀ በኋላ ልኩ በመለኪያ ተወስዶ ከሠራው ሰው ስም ጋር ይመዝገብ። ከውጪ ያማረ መጥፎ መጋጠሚያ ከዓመታት በኋላ ግሎ ይበጠሳል። በመከላከያው ሽቦ ውስጥ ኦፕቲካል ፋይበር ካለ ደግሞ በጥቅሉ ላይ ሳለ፣ ከተሳበ በኋላና ከተቀጠለ በኋላ፣ ሦስት ጊዜ ይፈተሽ፤ አለዚያ ጉዳቱ ከፋብሪካ ይምጣ ከመስክ ማወቅ አይቻልም።

*ማስጠንቀቂያ፦* ኃይል ያልተለቀቀበት ሽቦ «ሙት» ነው ብለው አያስቡ። በአጠገቡ ኃይል ያለው መስመር በትይዩ ካለፈ ገዳይ ቮልቴጅ ያሳድርበታል፤ የሩቅ መብረቅም እንዲሁ። ማሽኖቹ፣ የሚሳበው ሽቦና የሥራው ቦታ ግራና ቀኝ በመሬት ማገናኛ ይያያዙ። ነጎድጓድ ሲሰማ ሥራው ይቁም።

ደረጃ 10፦ የጣቢያው ዕቃዎች ተከላ

ትራንስፎርመሩ የሚጓዘው አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱ ወጥቶ በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ተሞልቶ ነው። ሲደርስ ከተሽከርካሪው ሳይወርድ ሁለት ነገር ይመልከቱ፦ የውስጡ ግፊት ከውጪው ከፍ ያለ መሆኑን እና የንዝረት መመዝገቢያው ያሳየውን። አጓጓዡ፣ አምራቹና የኢንሹራንሱ ተወካይ ባሉበት ይፈረም። ከወረደ በኋላ የሚነሣ ጥያቄ መልስ የለውም። ግፊቱ ዜሮ ከሆነ እርጥበት ገብቶ ሊሆን ስለሚችል አምራቹ ሳይወስን ዘይት አይሞላ። ዘይቱ በማጣሪያ አልፎ፣ የእርጥበት መጠኑና ቮልቴጅ የመቋቋም አቅሙ ተፈትሾ፣ አየሩ በተመጠጠ ታንክ ውስጥ ይሞላል፤ ከዚያም አምራቹ በወሰነው ሰዓት ልክ ይረፍ። የታሰረ የአየር አረፋ በከፍተኛ ቮልቴጅ ሥር የፍንዳታ መነሻ ነው።

ጋዝ ያላቸው ብሬከሮች ላይ የጋዙን ግፊትና ድርቀት ይፈትሹ። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ20,000 እጥፍ በላይ ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ ነው፤ ወደ አየር አይለቀቅም፣ በመሰብሰቢያ ማሽን ይያዛል።

ደረጃ 11፦ ጥበቃውንና ቁጥጥሩን ይፈትሹ

ከባትሪው ይጀምሩ። ብሬከር እንዲከፈት የሚያዘው ኃይል የሚመጣው ከባትሪ ነው፤ ባትሪው ከሌለ እጅግ ውዱ ሪሌይ ጥፋቱን ያያል እንጂ ምንም አያደርግም። የባትሪው አቅም በጭነት ተሞክሮ ይረጋገጥ።

ከዚያ የከረንት ትራንስፎርመሮች (ትልቁን ንፋሬ ለሪሌይና ለመለኪያ የሚያሳንሱት) ንጽጽርና አቅጣጫ፣ የቮልቴጅ ትራንስፎርመሮች፣ የሪሌይ ቅንብር፣ የብሬከር ፍጥነትና የንክኪ ሬዚስታንስ፣ የመቆላለፊያ ሥርዓቱ፣ የስካዳ (ጣቢያውን ከሩቅ የሚያሳይና የሚቆጣጠር ሥርዓት) ምልክቶች አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። ፍተሻው እስከ ብሬከሩ መከፈት ይሂድ፤ ሪሌዩ ላይ መብራት መብራቱ ብቻ በቂ አይደለም። የዲፈረንሻል ወይም የርቀት ጥበቃው (ብልሽቱ ምን ያህል እንደራቀ የሚለየው) በሁለቱ ጫፍ ባሉ ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት ይፈተሽ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ንፋሬ የሚያልፍበትን የከረንት ትራንስፎርመር ሁለተኛ ዙር ፈጽሞ አይክፈቱ፤ ገዳይ ቮልቴጅ ይፈጥራል። ያልተጠቀሙበት ዙር አጭር ሆኖ (ጫፎቹ እርስ በርስ ተገናኝተው) ይታሰር። የቮልቴጅ ትራንስፎርመሩ ተቃራኒ ነው፤ ሁለተኛ ዙሩ በፍጹም አጭር አይደረግ።

ደረጃ 12፦ ኃይል ይልቀቁ

ቀኑ ከመድረሱ በፊት በመስመሩ ዳር ለሚኖሩ ሰዎችና ለሠራተኞች ሁሉ «ከዚህ ቀን ጀምሮ መስመሩ ኃይል እንዳለው ይቆጠራል» የሚል ማስታወቂያ በቋንቋቸው ይድረስ። ወራት ሙሉ ያለ ኃይል ያዩትን ሽቦ ሰዎች ለምደውታል፤ ልብስ የሚያሰጡበትም አሉ።

በዕለቱ፦ በቁጥር የተመዘገቡት ጊዜያዊ የመሬት ማገናኛዎች በሙሉ ተነሥተው ይቆጠሩ። የሥራ ፈቃዶች ሁሉ ተፈርመው ይመለሱ። ከዚያ መስመሩ ከወዲያኛው ጫፍ ይሞላ (ኃይል ይግባበት)፤ ቮልቴጁና የፌዞቹ ቅደም ተከተል ይለካ። ቀጥሎ ባስ ባሩ (የጣቢያው ዕቃዎች ሁሉ የሚገናኙበት ዋና መስመር)፣ ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ ያለ ጭነት። ትራንስፎርመር ሲሞላ ለአጭር ጊዜ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ንፋሬ ይስባል፤ ሪሌዩ ይህን ከጥፋት መለየት አለበት። ያለ ጭነት ለ24 ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ድምፁ፣ ሙቀቱና የጋዝ ሪሌዩ (በዘይቱ ውስጥ ጋዝ ሲፈጠር የሚያስጠነቅቀው) ይጠበቁ። ጭነት ከገባ በኋላ የዲፈረንሻል ሪሌዩ የሚያነበው ልዩነት ወደ ዜሮ መቅረቡን ይመልከቱ፤ ካልቀረበ ለምሳሌ አንዱ የከረንት ትራንስፎርመር ተገልብጦ ታስሮ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ቀን በኋላ ማንኛውም ጥገና አምስቱን ደረጃዎች ሳይዘል ይሠራል፦ ማቋረጥ፣ ተመልሶ እንዳይገባ መቆለፍ፣ ቮልቴጅ አለመኖሩን በመሣሪያ ማረጋገጥ፣ መሬት ማገናኘትና ሽቦዎቹን እርስ በርስ አጭር ማድረግ፣ በአቅራቢያው ያለውን ኃይል ያለው ክፍል መከለል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

- የጣቢያውንና የመስመሩን ዘገባ ለየብቻ መያዝ። ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀ መስመር ጣቢያው ካልደረሰለት ኃይል አያስተላልፍም፤ ሳይሞላ የቆመ ሽቦም ለሌባ ይጋለጣል።
- «እንደተሠራ» የሚባለውን ንድፍ ለርክክብ ጊዜ ማቆየት። የተቀበረ ገመድ የት እንደታጠፈ ከወራት በኋላ የሚያስታውስ የለም። በየሳምንቱ በቀይ እስክሪብቶ ይታረም።
- በመስክ ኮንክሪት ላይ «እንዲፈስ» ብሎ ውኃ መጨመር። ጥንካሬው ይወርዳል፤ ፍሰት ካስፈለገ በድብልቁ ዲዛይን ይፈታ።
- የመቆጣጠሪያ ገመዶችን ያለ ቁጥር መሳብ። ፍተሻው ላይ የሚጠፋው ጊዜ አብዛኛው ገመድ ፍለጋ ይሆናል።
- በመጨረሻው ወር የፍተሻ ቀናትን ቆርጦ ለዘገየው ግንባታ መስጠት። የግንባታ መዘግየት ቀን ያስከፍላል፤ ያልተፈተሸ ጥበቃ ግን ትራንስፎርመሩንና ሰው ያስከፍላል። ቀኑ የግድ ከሆነ የኃይል መልቀቂያው ይራዘም።
- ርክክቡን ያለ መለዋወጫና ያለ ሥልጠና መፈጸም። ጣቢያውን የሚረከቡት ኦፕሬተሮች በፍተሻው ሳምንታት ከፈታሾቹ ጎን ይቁሙ፤ የቀሩ ሥራዎች ዝርዝርም በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሚያጠናቅቀው ሰውና የሚያልቅበት ቀን ይጻፍበት።